ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጌም አለህ?

ጎርጎራ ውስጥ ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ቆጥሬው አላውቅም። ወደቡ ላይ ጀልባ የሚጠብቁ ልጆች ጠይቀውኛል፣ የባጃጅ ሹፌር ጠይቆኛል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ጎኔን ነካ አድርጎ በሹክሹክታ ጠይቆኛል። እናቴ ሻይ ቤት አላት፤ ደንበኞቿ ግማሹ ለሻይ፣ ግማሹ ለኔ ስልክ ነው የሚመጡት ብላ ታማርራለች። እኔ ግን ጥያቄውን እወደዋለሁ። የምወደውን ጌም ለሌላ ሰው መጠቆም ከመጫወቱ እኩል ደስ ይለኛል። ጥቆማ ሰው ሊያስከፋ እንደሚችል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያወቅሁትም አንድ ጓደኛዬን አስከፍቼ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። መጠቆም የተማርኩት ባሕር ዳር፣ ተማሪ እያለሁ፣ ከምከራየው ቤት ጀርባ በነበረ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ አንዱ ቁልፍ የማይሠራ አራት ጆይስቲክ። ሕጉ ቀላል ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ሁላችንም የምንጫወተው ፔስ 2013 ስለነበር ጌም መጠቆም የሚባል ነገር አልነበረም። የሚጠቆመው ቡድን ነው። "ባርሳን ልቀቅና በአትሌቲኮ ሞክር፣ ፋልካኦ አለልህ" የሚልህ ልጅ ከኋላህ ቆሞ ስትጫወት አንድ ሰዓት ሙሉ ያየህ ነው። ኳስ እንደማትቀባበል፣ ቶሎ ወደ ፊት መላክ እንደምትወድ አይቷል። ጥቆማው የሚሠራውም ለዚህ ነው። ያኔ ይህን አላስተዋልኩም፤ ልጁ ጎበዝ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ጎርጎራ ተመለስኩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በክልላችንም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት ቆየ። ያኔ ስልክ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ዋጋው ተለወጠ። ኢንተርኔት ሲኖር ጌም ያወርዱታል፣ ካላማረ ያጠፉታል፣ ሌላ ያወርዳሉ። ሲጠፋ ግን ያጠፋኸው ጌም ጠፋ ማለት ነው። ከተማችን ውስጥ አንድ ጌም ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ሲዞር፣ ማን ለማን እንደሰጠው ሁሉ ይታወቅ ነበር። ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው "ሚሞሪህ ላይ ምን አለ?" ነው። እኔ ቀድሜ ያከማቸሁት ብዙ ስለነበር ሳላስበው የሰፈሩ ጌም አዳይ ሆንኩ።

ጌም አዳይ ስትሆን የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ስልክህ ስንት ጊጋ ባዶ ቦታ አለው? ራሙ ስንት ነው? መብራት ሲጠፋ ቻርጅ የት ታደርጋለህ? እነዚህን ሦስቱን ሳልጠይቅ ለማንም አልሰጥም ነበር። በዚህም እኮራ ነበር። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ጌመር "ይሄን ካልተጫወትክ ምን ኖርክ?" ብሎ መቶ ጊጋ የሚበላ ጌም ይጠቁምሃል፤ እኔ ግን የሰውየውን ስልክ አይቼ ነው የምናገረው እል ነበር።

ለኳስ ወዳጆች የምሰጠው የፒኤስፒ ጌሞችን ስልክ ላይ የሚያጫውተውን ፒፒኤስኤስፒፒን ነበር። አሁንም እሱኑ እጠቁማለሁ። አሮጌ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ አሮጌውን ፔስ እየወሰዱ የዘመኑን ተጫዋቾች የሚያስገቡበት ልጆችም በየአገሩ አሉ። ለትንንሽ ልጆች የኛው አገር ቅኔ ጌምስ የሠራትን "ኩኩሉ" እሰጣለሁ፤ የምትሸሸው ዶሮ ናት፣ ገና ስሟን ሲሰሙ ይስቃሉ። ያው ድርጅት "ገበታ"ንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ላፕቶፕ ላለው ደግሞ "ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2" አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው "አፍሪካን ኪንግደምስ" ውስጥ ኢትዮጵያውያን ገብተዋል፣ ሾተል የያዘ ወታደር አላቸው፣ የዮዲትን ታሪክ የሚከተል ዘመቻም አለው። የሱስንዮስ ግንብ ፍርስራሽ ባለበት አገር ተቀምጦ፣ ሌላ አገር የተሠራ ጌም ውስጥ ሾተል ማየት ምን እንደሚመስል ሞክራችሁ ንገሩኝ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልምጣ። እስከ አሥረኛ ክፍል አብረን ተምረናል። ከዚያ እሱ ከአባቱ ጋር ዓሣ ማስገር ጀመረ። ጌም ብዙም አይወድም ነበር፤ ስልኩ ላይ የነበረው እባቡ ብቻ ነው፣ ያው የድሮው ኖኪያ ላይ የነበረው ዓይነት። አንድ ቀን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን "ስማ፣ ለኔም አንድ ነገር ስጠኝ እንጂ" አለኝ። "ስታርዲው ቫሊ"ን ሰጠሁት።

ለማታውቁት፣ ስታርዲው ቫሊ የእርሻ ጌም ነው። ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ደክሞበት እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው። ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ኮዱንም የሠራው እሱ ነው። ከአያትህ የወረስከውን ዳዋ የበላው እርሻ ታቀናለህ፤ ትዘራለህ፣ ከብት ታረባለህ፣ ከጎረቤት ትግባባለህ፣ ዓሣ ታጠምዳለህ። የጌሙ አንድ ቀን 14 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ቻርጅህ 20 በመቶ ቢሆን እንኳ አንድ ቀን ኖረህ ትተኛለህ። ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

በሦስተኛው ቀን እየሮጠ መጣ። "አንተ! ይሄ ሰውዬ ዓሣ አይቶ ያውቃል?" አለኝ። ምን ሆነ ስለው፣ ጌሙ ውስጥ ቀረሶ ከባሕር እንደሚያዝ አገኘ። ቀረሶ! የጣና ልጅ ቀረሶን ከጨው ውኃ እንዲያወጣ ታዘዘ! በሌላው ግን ሰውየውን አደነቀው፤ አምባዛ ዝናብ ሲዘንብ ወንዝ ውስጥ እንደሚያዝ ጌሙ ያውቃል። "ይቺን እንኳ ሰው ነግሮታል" አለ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስለ እርሻው ያወራኝ ጀመር። እውነተኛውን ሐይቅ እምቦጭ ሸፍኖበት መረቡ አረም ይዞ ሲወጣ የዋለ ሰው፣ ማታ አረም የሌለበት ኩሬ ዳር ዓሣ ያጠምድ ነበር። እኔም ጥቆማዬ ስለሠራ ተኩራራሁ።

ስህተቱ የመጣው ከኩራቱ ነው። ስታርዲው ቫሊን እንዲህ ከወደደ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ላሳየው አልኩ። "ዚስ ዋር ኦፍ ማይን" የሚባል ጌም ነበረኝ። የፖላንዱ 11 ቢት ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ነው። ሐሳቡን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1992 ከጀመረው የሳራዬቮ ከበባ ነው። ሌሎቹ የጦርነት ጌሞች ወታደር ያደርጉሃል፤ ይሄኛው ግን የፈረሰ ቤት ውስጥ የተጠለሉ ተራ ሰዎችን ሕይወት ያስይዝሃል። ቀን እንጨት ትፈልጣለህ፣ ምግብ ታበስላለህ፣ የታመመ ታስታምማለህ። ሌሊት አንዱ ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል፣ ሌሎቹ በር ይጠብቃሉ። የወጣው ከሞተ ሞተ፤ የቀሩት ያዝናሉ፣ አንዳንዴም ከሐዘኑ አይነሡም። እ.ኤ.አ. በ2020 የፖላንድ መንግሥት ይህን ጌም ለተማሪዎች ከሚጠቆሙ የንባብ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሚያስገባው አስታውቋል። አገር እንኳ ለልጆቹ የጠቆመው ጌም ነው! እኔ ከተጫወትኳቸው ሁሉ የላቀው ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ አሁንም አምናለሁ።

ስልኩን አየሁ። ቦታ አለው። ራሙ ይበቃል። ላክሁለት።

ለአንድ ሳምንት አልመጣም። በስምንተኛው ቀን መንገድ ላይ አገኘሁትና "እህሳ፣ እንዴት ነው?" አልኩት።

"አጠፋሁት" አለኝ።

"ለምን? ከበደህ?"

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ታናሽ ወንድሙ ከቤት ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ወዴት እንደሄደ ማንም አያውቅም፣ ስልኩ አይሠራም። እናቱ ሌሊት ሌሊት ተነሥታ በር ከፍታ ትቆማለች። ወሬ እንዳይዛመት ብለው ለጎረቤት እንኳ አልተናገሩም። እሱ በጨለማ ጋደም ብሎ፣ ጌሙ ውስጥ አንዱን ልጅ ሌሊት ምግብ ፍለጋ ላከው፤ ሲነጋ ልጁ አልተመለሰም።

"እኔ ይሄን ለማየት ስልክ አያስፈልገኝም" አለኝ። ትንሽ ሄደና ዞሮ፣ "ያኛውን እኮ ለኔ ብለህ ነው የሰጠኸኝ። ይሄኛውን ስለወደድከው ነው" አለኝ።

ምን እላለሁ? ስንት ጊጋ ባዶ ቦታ እንዳለው ጠይቄያለሁ፣ ቻርጅ የት እንደሚያደርግ ጠይቄያለሁ። "ቤት ሰላም ነው?" ብዬ ግን መልሱን ጠብቄ ያደመጥኩት መቼ እንደነበር አላስታውስም። በየቀኑ እንጠያየቃለን፤ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብለን እናልፋለን።

ከዚያ በኋላ ከባድ ጌም ለማንም አልሰጥም ብዬ ወሰንኩ። ክፉ ቀን ላይ ያለ ሰው መዝናናት ብቻ ነው የሚፈልገው አልኩ። ይህም ስህተት ሆኖ ተገኘ። የድሮ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ሻይ ቤት መጡ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ውለዋል። "አንተ ልጅ፣ እኔ ስፈነዳ ካንዲ መደርደር ሰለቸኝ፤ ጭንቅላት ያለው ነገር የለህም?" አሉኝ። እንዴት ልበልዎ ብዬ አመነታሁ። በዚህ ጊዜ ስለ ስልካቸው ሳልጠይቅ ስለ ጌሙ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ጦርነት ነው፣ ሰው ይሞታል፣ ሌሊት የወጣ ላይመለስ ይችላል፣ ባይወዱት አልቀየምም አልኳቸው። "ስጠኝ" አሉ። ሦስት ሳምንት ተጫወቱት። ሲመልሱልኝ ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም፤ "ውጭ ያለውን ማንም አያማክረኝም። እዚህ ውስጥ ግን ለማን ዳቦ እንደሚሰጥ የምወስነው እኔ ነኝ።"

ያው አንድ ጌም፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት። አንዱን አቆሰለ፣ ሌላዋን ደገፈ። ስለዚህ "ለክፉ ቀን የሚሆኑ አምስት ጌሞች" የሚል ዝርዝር ከኔ አትጠብቁ። ጌሞቹን ከላይ ጠርቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ጥሩ ናቸው፣ ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ስትጠቁሙ ግን ሦስቱ የስልክ ጥያቄዎች ላይ አንድ ጨምሩ፤ "በዚህ ሰሞን እንዴት ነህ?" በሉት፣ መልሱንም ጠብቁ። ጌሙ ውስጥ የሚከብድ ነገር ካለ ደግሞ ሳትደብቁ ቀድማችሁ ንገሩት። "መጨረሻውን አላበላሽብህም" እያልን የምንደብቀው ነገር ለአንዳንዱ ሰው መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ሊነገረው የሚገባ ነው።

የጓደኛዬ ወንድም ከአራት ወር በኋላ ደወለ። መተማ አካባቢ ሰሊጥ አጨዳ ገብቶ ነበር፤ ስልኩን መንገድ ላይ ሸጦት ነው። እናቱ ያን ቀን ሻይ ቤታችን ድረስ መጥተው ለማንም ያልነገሩትን ለእናቴ ነገሩ፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ ቡና ተፈላ።

እኔና ጓደኛዬም ቀስ በቀስ ወደ ድሯችን ተመለስን። ይቅርታ አልጠየቅሁትም ብል ይሻላል፤ ጠየቅሁት ግን "ተወው ባክህ" አለኝ። ስታርዲው ቫሊን አላጠፋውም። እርሻው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ከብቶቹም በዝተዋል። አሁን እሱ ራሱ ለሌሎች ይጠቁማል፤ ከአጥማጅ ልጆች ጋር ታንኳቸውን አስጠግተው ሲያወሩ ሰማሁት። "ቀረሶዋን አትመኗት፣ ሌላው ደህና ነው" እያላቸው ነበር።

ባለፈው ደግሞ ትእዛዝ ሰጠኝ። ጣና ያለበት ጌም ስታገኝ ንገረኝ አለ። ቀረሶው ከሐይቁ የሚያዝ፣ ነጭ አሳው በክረምት ወደ ወንዝ የሚወጣ፣ ታንኳው ከደንገል የሚታሠር። እምቦጭም ይኑርበት አለኝ፤ "ግን ስትነቅለው የማይመለስ ይሁን።"

እስካሁን አላገኘሁለትም። ከእናንተ ውስጥ ጌም የሚሠራ ካለ፣ ትእዛዙን አድርሻለሁ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን፣ ሁለት ጊጋ ራም ይበቃዋል።