ከናዝሬት ለጋሼ፦ የባንድ ሶው ነገር

ናዝሬት፣ ፔንሲልቫኒያ

ውድ ጋሼ፣

ናዝሬት ነኝ ስልህ አንተ እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ የምትጠራት አዳማ እንዳትመስልህ። ይህችኛዋ ከፊላደልፊያ በስተሰሜን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሞራቪያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው በ1740 የቆረቆሯት (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ)። ጎረቤቷ ቤተልሔም ትባላለች፤ አለፍ ሲል ደግሞ ኤማሁስ አለች። እማዬ አብራኝ ብትሆን ኖሮ በየመንገድ ምልክቱ ስትሳለም ውላ ሳንደርስ ይመሽብን ነበር።

ያመጣኝ የማርቲን ጊታር ፋብሪካ ነው። ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ከጀርመን፣ ከማርክኖይኪርሸን ተነስቶ በ1833 ኒውዮርክ ገባ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ወደዚህ መጣ። ፋብሪካው ይኸው እስካሁን እዚሁ ነው፣ ለጎብኚም ክፍት ነው። በአንድ በኩል ሮቦት ጊታር ይወለውላል፤ በሌላ በኩል ሠራተኛ የጊታሩን የውስጥ ጠርዝ ኮላ ቀብቶ በልብስ መቆንጠጫ ዙሪያውን ይደረድርበታል። በእውነተኛ የልብስ መቆንጠጫ! ጊታር ለመሥራት ከሚያስፈልጉህ መሣሪያዎች አንዱ እንግዲህ ቤትህ አለ ማለት ነው።

አንተ ልትሠራው የነደፍከው ትልቁ ቅርጽ፣ ድሬድኖት የሚሉት፣ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ስም ተሰይሞ በ1916 የወጣ ነው። የታችኛው ሆዱ ስፋት 40 ሳንቲሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ጀርባው መሐል ለመሐል ከሚገጠሙ ሁለት ገጾች ስለሚሠራ አንዱ ገጽ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ይፈልጋል። ጎኑ ደግሞ በሰፊው በኩል 12 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዝልኝ፤ የምትገዛውን የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን፣ ባንድ ሶውን፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

እዚሁ አካባቢ ጋራዡ ውስጥ ጊታር የሚሠራ ጡረተኛ አግኝቼ ስለ ማሽኑ የሰጠኸኝን ጥያቄ ሁሉ አቀረብኩለት። መጀመሪያ ያለኝ፣ «ሻጩ ኢንች ሲቆጥርልህ የመዘውሩን ስፋት እየነገረህ ነው፤ አንተ ግን ከጠረጴዛው በላይ ስንት ቁመት ያለው እንጨት እንደሚያስገባ ጠይቅ» ነው። እውነቱን ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ባለ 9 እና ባለ 10 ኢንቾቹ አብዛኞቹ ከ10 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፉም። የአንገት ቅርጽ ለማውጣት ይበቃሉ፤ የድሬድኖት ጎን ግን አይገባባቸውም። በየጋራዡ የሚታየው የድሮው ባለ 14 ኢንች የጊዛ ማሽን 15 ሳንቲሜትር ያስገባል፦ ጎኑን ይሰነጥቃል፣ ጀርባውን ግን አይችልም። አካሉ መሐል ላይ ተፈቶ ማስረዘሚያ ብሎክ ሲገባበት 30 ይደርሳል። የጡረተኛውም ማሽን እንደዚያው ነው፤ ነገር ግን አካሉ በረዘመ ቁጥር ሰፊ ምላጭ ሲወጠርበት መተጣጠፉ አይቀርም አለኝ። በወፍራም ላሜራ የተበየደው አዲሱ ዓይነት ያለ ማስረዘሚያ 25ም 30ም ያስገባል፣ ውጥረቱንም ይችላል። እኔ በበኩሌ ይህኛው ይሻልሃል ባይ ነኝ።

ሞተሩ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ይበቃሃል። ዋናው ነገር ምላጩ ነው። ባንድ ሶው በሐሳብ ደረጃ የተፈጠረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቢሆንም ምላጩ ከብየዳው ላይ እየተበጠሰ ለአሥርት ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። በ1846 አን ፖሊን ክሬፓን የምትባል ፈረንሳዊት የምላጩን ጫፎች አጥብቆ መበየጃ ዘዴ ካወጣች በኋላ ነው ነገሩ የተቃናው። ዛሬም ቢሆን የስንጥቁን ጥራት የሚወስነው ምላጩ ነው። ለመሰንጠቅ ስፋቱ 13 ሚሊሜትር የሆነ፣ በአንድ ኢንች ላይ ሦስት ጥርስ ያለው ውሰድ፤ ጥርሱ ሲሳሳ ሰጋቱራውን የሚያወጣበት ቦታ ያገኛል። ለቅርጽ ደግሞ ባለ 6 ሚሊሜትሩ ይጠመዘዝልሃል።

ሒሳቡን ልንገርህ። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ጣውላ አለህ እንበል። ምላጩ ራሱ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ይበላል። ቀጥ ብሎ ከሄደልህ አራት ሚሊሜትር ተኩል አድርገህ ትሰነጥቅና ስምንት ገጽ፣ ማለትም አራት ጀርባ ታወጣለህ፤ በኋላ ተልጎ ወደ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ይወርዳል። ደንዞ ወይም ላልቶ የሚዋልል ከሆነ ግን ለማስተካከያ እንዲተርፍ እያንዳንዱን ገጽ ሰባት ሚሊሜትር ማድረግ አለብህ፣ ከዚያው ጣውላ የምታገኘው ቢበዛ ሦስት ጀርባ ብቻ ይሆናል። ርካሽ ምላጭ ገዝቶ ዋንዛ ወደ ሰጋቱራ መለወጥ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

አሁን ወደማትወደው ወሬ ልምጣ። ከዚህ ገዝተህ ላክልኝ ያልከውን ተወው። ማሽኑ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ማጓጓዣውን አንተው አስበው። ከክብደቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን መብራቱ ነው። የዚህ አገር 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ለ60 ብቻ የተሠራ ሞተር በ50 ሲነሳ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። እዚያው አዲስ አበባ ስታፈላልግ ከሻጩ ወሬ በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ፦ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ከዚያ ሜትር አውጥተህ ከጠረጴዛው በላይ የሚያስገባውን ቁመት ለካ፤ ከ25 ሳንቲሜትር ካነሰ ዋጋ አትከራከር፣ ዝም ብለህ ውጣ። ኩሽኔታና ቺንጋ ቢያረጅ ይቀየራል፣ የተጣመመ አካል ግን አይቃናም። ስትሠራም አፍንጫህን በደንብ ሸፍን፤ የእንጨት ብናኝ ለሳንባ አይበጅም።

ምላጩን እኔ አመጣልሃለሁ። ሦስት ዙር ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ርዝመቱ ግን እንደየማሽኑ ስለሚለያይ ገምቼ ልገዛ አልችልም። ስለዚህ ማሽኑን ቶሎ ግዛና የምላጩን ዙሪያ በሚሊሜትር ለክተህ ሳልመለስ ጻፍልኝ።

እህትህ