ሁለት አስ ሲመጣ

ልጆቻችሁ አሜሪካ ካሉ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሳትሰሙ አትቀሩም። የእህቴ ልጅ እንደ ብዙ ወገኖቻችን ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል፤ በዕረፍት ቀኑ ካዚኖ ገብቶ ፖከር ይጫወታል። እናቱ "ልጄ ቁማርተኛ ሆነ" ብላ ታለቅሳለች። እኔ ነርስ ነበርኩና ሳይመረመር መድኃኒት መስጠት አልወድም። ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ "መጀመሪያ አስተምረኝ" አልኩት።

በገንዘብ ፈንታ ሽምብራ ዘርግቶ አስተማረኝ። (ሽምብራውን ለሽሮ ብዬ ነበር ይዤለት የሄድኩት።) ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል፣ አምስት ደግሞ መሀል ላይ ለሁሉም ይገለጣል፤ ከሰባቱ የተሻሉት አምስቱ ይቆጠራሉ።

"ታዲያ ጥሩ ካርታ የመጣለት በላ ማለት ነው?" አልኩት።

"አክስቴ፣ ካርታ ገንዘብ የለውም። የሚከፍልሽ ሰው ነው" አለኝ።

ሁለት አስ እጅ ላይ የሚገባው በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ነው። ካዚኖ ውስጥ በሰዓት 30 ጊዜ ያህል ቢታደል፣ ሰባት ሰዓት ተቀምጦ አንዴ ቢያገኝ ነው። ያቺ አንዴ ስትመጣ በደንብ ካላተረፈባት ቀኑ ከሰረ። ጀማሪ ካርታው ሲያምርለት ሌላው እንዳይሸሽ ብሎ ዝም ይላል። እሱ ግን ያስይዛል። መሀል 100 ዶላር ካለ 60 ይጨምራል። ባላጋራው አራት ልብ ኖሮት አምስተኛውን በመጨረሻው ካርታ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ካልታዩት 46 ካርታዎች የሚጠቅሙት 9 ብቻ ናቸው፤ ከአምስት አንዴ ገደማ። ጨዋታው በዚያው ቢያበቃ ግን 60 ከፍሎ 160 ለማግኘት ከአራት አንዴ በላይ ሊሳካለት ይገባል። ስለዚህ መክፈሉ ያከስረዋል። 10 ዶላር ብቻ ቢጠየቅ በርካሽ ያያታል፤ 300 ቢጠየቅ ካርታውን ጥሎ ይገላገላል። ይኼን የመድኃኒት መጠን እንደመለካት አድርጌ ነው የተረዳሁት።

አንድ ማታ ከገመዱ ውጪ ቆሜ አየሁት። ፊት ለፊቱ ያለው ወጣት ብዙ ገንዘብ ሲያስይዝ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ሲመታ ከቆምኩበት ይታየኛል። የእህቴ ልጅ ወዲያው ካርታውን ጣለ። ለካ እነሱ ዘንድ የሚንቀጠቀጥ እጅ ብዙ ጊዜ የጥሩ ካርታ ምልክት ነው። አድሬናሊን እንደሆነ ፍርሃትንና ደስታን አይለይም፤ ይህን ከእኔ ሥራ አውቀዋለሁ።

ጫፍ ላይ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ካርታ አይጥልም፤ የሌላውን ካርታ ካላየ አያርፍም። ሦስት ጊዜ ኪሱ ገባ። የእህቴ ልጅ ሦስት ሰባት ሲመጣለት ያስያዘው ለእሱ አስልቶ ነው፤ ሰውየውም ከፈለ። ካዚኖውም ከመሀሉ ድርሻውን አነሳ።

ወደ ቤት ስንመለስ ደብተሩን አሳየኝ፦ የተቀመጠበት ሰዓት፣ ይዞ የገባው፣ ይዞ የወጣው። ኪሳራውንም አልደበቀም። የቤት ኪራይ አይነካም። እህቴን በዚህ አረጋጋኋት። ስለ ሽማግሌው ግን መኪና ውስጥ ጠየቅሁት፤ "ደብተር ያለው ይመስልሃል?"

"የለውም" አለኝ። "እሱ ባይመጣ እኔም አልመጣም ነበር።"

እስከ ቤቱ ድረስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።