ከሶዶ እስከ ሁምቦ ጠበላ

ከሶዶ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ የዳሞታን ተራራ ወደ ኋላው እንደ ተወ የአየሩ ጠባይ መለወጡን ወዲያው ያውቀዋል። የደጋው እንሰት እየሳሳ ይሄድና የበቆሎው ማሳና የማንጎው ጥላ ይተካል፤ በስተ ግራም የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ይታያል። ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘም በኋላ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ጠበላ ይደርሳል። ይደርሳል ማለቴ፤ ብዙውን ጊዜ ያልፋታል።

እኔም ስንት ጊዜ እንደዚሁ ሳልፋት ኖሬ፤ አንድ ቀን የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ስለ ተበላሸ ግማሽ ቀን በዚያ ለመዋል ግድ ሆነብኝ። ከአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን እመለከት ጀመር። ሙዝ የጫነው ካሚዮን ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የጫነው ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። የሚቆሙት ጥቂቶች ናቸው፤ እነዚያም ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ።

የሻይ ቤቲቱን እመቤት፦ «እማማ፤ ልጆችዎ የት ናቸው?» ብዬ ብጠይቃቸው፤ «ሁለቱም በዚህ በሚያዩት መንገድ ሄዱ ጌታዬ። አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ አንዱ ሶዶ ባጃጅ ይነዳል። መንገዱ ሻይ ጠጪ ስላመጣልኝ አመሰግነዋለሁ፤ ስለ ልጆቼ ግን ምን ልበለው?» አሉኝ።

ይህ ነገር ብዙ አሳሰበኝ። መንገድ ከተማን ያለማል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ነገር ግን ከተማ የሚያድገው ጭነት በሚያልፍበት ሳይሆን ጭነት በሚራገፍበት ስፍራ ነው። የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ በቆላው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በቆመበትም ሜዳ ላይ፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ባቡሩ የሚጠገንበት ሥራ ቤት በዚያ ስለ ተሠራ ሠራተኛው ጎጆ ወጣ፤ ልጅም ወለደ፤ የጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካም ኋላ ተከተለ። ወደ እኛም ሰፈር ስንመለስ፤ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ በደጋው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ግን ሹመቱ በሐይቆቹ አጠገብ ወደ ተሠራችው ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ሶዶም ከሻሸመኔ፤ ከሆሳዕና፤ ከአርባ ምንጭና ከዳውሮ የሚመጡት መንገዶች ስለሚገናኙባት ሰፋች፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ሆነች።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምተዳደር ሰው ስለ ሆንሁ የከተማን ማደግ ከመዝገብ ላይ አነባለሁ። ቀድሞ የሚከራከሩት ስለ ግጦሽና ስለ ድንበር ነበረ፤ መንገድ ሲወጣ ግን ወደ መንገዱ ስለሚመለከት አንድ በር ወንድም ወንድሙን ይከሳል። የሟች አባት እርሻ ከኋላው ርካሽ፤ ከፊቱ ውድ ይሆናልና።

ለሁምቦ ያነሳት የሚበቅል ነገር አይደለም። ዋዱ የተባለው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በ1960ዎቹ ዓ.ም. ደገኞችን በአበላ ቆላ አስፍሮ አገሩን አቅንቷል። ነገር ግን ጥጥ የሚፈተለው በአርባ ምንጭና በሐዋሳ ነው፤ የቆላው ሰው ጥሬውን ሸኝቶ ልብሱን ይገዛል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በካሚዮን ጀርባ የሚሄደው ከሰል ነበረ፤ ለሌላው ሰው ምድጃ ሲባል የሁምቦ ተራራ ተራቈተ። ኋላም ሕዝቡ በማኅበር ሆኖ 2,728 ሄክታር ከለከለ፤ ከጉቶው የሚያቈጠቍጠውንም እየገረዘ አሳደገ። ሥራውም በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መዝገብ ተጻፈ፤ ገንዘብም ተከፈለበት።

በዚያ ገንዘብ ማኅበሮቹ ከሠሯቸው ነገሮች የእህል ጎተራና የዱቄት ወፍጮ ይገኛሉ። እማማም፦ «ወፍጮ ባለበት ሴት ሁሉ ትቆማለች፤ ተራዋን እስክታገኝም ጨው ትገዛለች፤ ሽንኩርት ትሸጣለች» ብለው አጫወቱኝ። ገና ብዙ ሊጠይቋቸው የሚገባ ነገር ነበረኝ፤ ነገር ግን የአውቶቡሱ ረዳት ሲጣራ ሰምቼ የሻዩን ዋጋ ከፍዬ ተነሣሁ። ከእኔም ጋር ከጠበላ አራት ጐረምሶች ተሳፈሩ፤ የወረደ ግን አንድም ሰው አልነበረም።