የትኛው ይቅደም?

ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን የመጽሐፍ መደርደሪያ ዙሪያ ብዙ ያከራከረን የመጽሐፍ ማነስ ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው። ካስተም ያለን ሰዎች የአማርኛ መጽሐፍ የምናገኘው ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። በርበሬው፣ ሽሮውና ቡናው ገብቶ ኪሎ ከተረፈ የመጽሐፍ ተራ ይደርሳል። መንገደኛውም ያገኘውን ነው የሚገዛው። ስለዚህ ተከታታይ ልብ ወለድ አንዳንዴ ከጅራቱ ጀምሮ ይደርሰናል።

ክርክሩ የተነሳው ግን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ የናርኒያን ሰባት መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 ሲያሳትም የመጀመሪያው «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» ነበር። «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ስድስተኛ ሆኖ በ1955 ወጣ፤ የሚተርከው ግን ናርኒያ እንዴት እንደተፈጠረች ነው። ለዚህ ነው እኛ ጋ ባለው እትም ላይ ቁጥር 1 ተብሎ የተጻፈው እሱ ላይ የሆነው።

እኔ ከ«አንበሳው» ይጀመር ባይ ነኝ። ሉሲ የምትባለው ልጅ በቁም ሣጥኑ አልፋ በረዶ የሞላው ጫካ ስትገባ፣ በዛፎቹ መሐል አንድ የመንገድ መብራት ብቻውን ቆሞ ሲበራ ታያለች። ማን እንደተከለው አይነገረንም። ይህን ሳነብላቸው አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ጄኔሬተሩ የት ነው?» አለኝ። ከጁባ ልጅ ሌላ ማን ይህን ይጠይቃል! መልሱ ያለው «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ውስጥ ነው። እሱን አስቀድሞ ያነበበ ልጅ ግን መብራቱን እንደሚያውቀው ጎረቤት ሰላም ብሎት ያልፋል እንጂ አይጠይቅም።

ተቃዋሚዎቼ ጠንካራ ምስክር አላቸው፤ ደራሲውን ራሱን። በ1957 አንድ አሜሪካዊ ልጅ በዚሁ ጉዳይ ከእናቱ ጋር ተከራክሮ ነበር። እናት መጻሕፍቱ በወጡበት ተራ ይነበቡ ስትል፣ ልጁ በታሪኩ ዘመን ይሁን አለ። ሉዊስ በደብዳቤ ሲመልስ ለልጁ አደላ፤ ምናልባት ተራው ያን ያህል ለውጥ ላያመጣ እንደሚችልም ጨመረ። ይህን ስነግራቸው ሰባተኛ ክፍሎች አጨበጨቡ። እኔ አሁንም ከእናትየው ጋር ነኝ።

በአማርኛው ግን ጉዳዩ ከበድ ይላል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2002 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ «ራማቶሓራ» ተከታዩ ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ የደረሰው «ራማቶሓራ» ብቻ ነበር። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልትዋሰው መጣች። ይህች ልጅ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ መሐል ያደገች ናት። አማርኛ ትናገራለች፣ ስታነብ ግን ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ነው። በራሷ ፍላጎት የአማርኛ መጽሐፍ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ቤተሰቧ ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ካምፓላ ሊሄድ ነው።

በኔ ደንብ ከሆነ «ዴርቶጋዳ እስኪመጣ ጠብቂ» ልላት ይገባ ነበር። እዚህ ግን ጥቅምት ላይ አብሮን የነበረ ቤተሰብ ሚያዝያ ላይ ሌላ አገር ነው፤ የልጅ ፍላጎትም እንደ ሻይ ይበርዳል። ስለዚህ በሦስት የእረፍት ሰዓት፣ ከጣና ገዳማት እስከ አሜሪካ የሚዘልቀውን የ«ዴርቶጋዳ»ን ታሪክ በቃሌ ተረክሁላትና ሁለተኛውን ሰጠኋት። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያደረገች፣ የከበዳትን ቃል ደብተሯ ጀርባ ላይ እየጻፈች አነበበችው። ወር ከምናምን ፈጀባት።

ግንቦት ላይ «ዴርቶጋዳ» በአንድ ወላጅ ሻንጣ ደረሰ። ታሪኩን ስለምታውቀው አትፈልገውም ብዬ ነበር፤ ወሰደችው። እንዴት ነው ብላት «የማውቀውን ሰው ልጅ ሆኖ እንደማየት ነው» አለችኝ። ይህች መልስ ክርክሬን ትንሽ አላልታዋለች፤ ሰባተኛ ክፍሎች እንዳይሰሙ እንጂ።

በናርኒያዎቹ ጀርባ ላይ አሳታሚው የጻፈውን ቁጥር በወረቀት ሸፍኜ የራሴን ለጥፌያለሁ። የአማርኛዎቹን ግን ያለ ቁጥር ትቻቸዋለሁ። ክረምት ላይ አዲስ አበባ የምትሄዱ ወላጆች፣ የጎደሉን መጻሕፍት ዝርዝር ከመደርደሪያው ጎን ተለጥፏል። ከበርበሬው ቦታ ከተረፈ።