የለንደን ዕረፍትና የእትዬ ቆጣሪ

ሰኔ በመጣ ቁጥር በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች የምንጠያየቀው ነገር አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ወዴት ነው?» የተሳካለት አዲስ አበባ ይላል። የቀረነው፣ ማለትም አገር ቤት መግባት የማይሆንልን ወይም ለአገር ቤት የሚበቃ ስጦታ መግዛት ያቃተን፣ ዘመድ ያለበት ከተማ እናፈላልጋለን። ዘመድ ካለ ሆቴል የለም፤ ሆቴል ከሌለ ደግሞ የወጪው ግማሽ ቀረ ማለት ነው። እኔም በ2024 እ.ኤ.አ. ባለቤቴንና የ12 ዓመት ልጄን ይዤ ለንደን የሄድኩት ይህንኑ ሒሳብ አስልቼ ነው። ሒሳቡ ስሕተት እንዳለበት የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነበር።

ለንደን ለእኔ አዲስ ከተማ አይደለችም። በ2006 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ ስማር ቅዳሜና እሑድ በርካሽ አውቶቡስ እየመጣሁ በተማሪ ኪስ አስሻታለሁ። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ለባለቤቴ ብዙ ጉራ ነፋሁባት። «ተይ፣ ለንደንን ለእኔ ተይልኝ፤ ሌላው 1 ሺህ በሚያወጣበት በ300 አዞራችኋለሁ» አልኳት። የቀድሞ ጋዜጠኛ አፉ እንደማይቦዝን ታውቀዋለችና ዝም አለችኝ።

ያረፍነው እትዬ ቤት ነው። እትዬ የአክስቴ ልጅ ናት፤ በ10 ዓመት ትበልጠኛለች። ኮተቤ በነበረችበት ጊዜ 4 ዓመት ሙሉ ቤቷ ተቀምጬ፣ እንጀራዋን በልቼ ነው ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩት። ዛሬ ደቡብ ለንደን በአንድ የመንግሥት ፎቅ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ሥራዋ ከአረጋውያን መጦሪያ ነው፣ የሌሊት ተራ። ሻንጣችንን ሳናወርድ መኝታ ቤቷን ከፍታ «አልጋው የናንተ ነው፤ እኔ እንደሆንኩ ሌሊት የለሁም፣ ባዶውን ነው የሚያድረው» አለችን። እኔ ሞኙ ይህንንም እንደ ቁጠባ ቆጠርኩት። የቱ ላይ እንደምትተኛ አልጠየቅኋትም።

በማግሥቱ ማታ «ዛሬ ምድጃ አይለኮስም» ብዬ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ይዣት ሄድኩ። በላን፣ ጠጣን፣ የአክስቶቻችንን ወሬ አወራን። በመካከሉ «እጄን ልታጠብ» ብላ ብድግ አለች። ሒሳብ ስጠይቅ አስተናጋጇ ፈገግ ብላ «እናታችን ከፍለዋል» አለችኝ። 94 ፓውንድ። ከእትዬ ጋር ብጣላም ወይ ፍንክች! «አንተ ልጅ፣ እኔ አገር መጥተህ ልትከፍል? ፈረንጅ ሆንክብኝ እንዴ?» አለችና ገንዘቤን መልሳ ኪሴ ከተተችው። ውድ አንባብያን፣ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐበሻ ጋብዞ ለመክፈል የሚፈልግ ሰው ገና ከበሩ ሲገባ ካርዱን ለአስተናጋጅ ማስረከብ አለበት፤ ከበላ በኋላ ቢል ቀድመውታል።

ከዚያ በኋላ «በቃ ቤት እንብላ» የሚል ጥበብ ፈለሰፍኩ። ጧት እንወጣለን፤ ቀትር ላይ ተመልሰን እትዬ ቤት ምሳ እንበላለን፤ ማታ ደግሞ እንዲሁ። ውጭ ለ3 ሰው ምሳ ከ50 ፓውንድ አያንስም፤ እትዬ ቤት ግን ድስቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። በሦስተኛው ቀን በ7 ሰዓት ግድም ስንደርስ በሩን የከፈተችልን እንቅልፍ ባሳበጠው ዓይን፣ በሌሊት ልብሷ ላይ ነጠላ ደርባ ነው። ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተጥሏል። ሌሊቱን ሠርታ የገባችው ጧት ነው፤ እኛ ለምሳ ስንመለስ እሷ ገና እንቅልፏ እየያዛት ነበር። «ግቡ፣ ግቡ፤ ነቅቼ ነበር» አለች፤ ምድጃውን ለኮሰች። የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ባለቤቴ የልጁን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከታለች። እኔ ገላዬን ልታጠብ ገባሁ። ሳሙና እንደተቀባሁ ቤቱ ጭር አለ፣ ውሃውም ቀዘቀዘ።

የእትዬ መብራት በካርድ ቆጣሪ ነው፤ አዲስ አበባ እንደምናውቀው ዓይነት ማለት ነው። ቁልፍ የምትመስል ፕላስቲክ አለች፤ ማእዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ይዛ ሄዳ ገንዘብ ታስሞላበታለች፤ ተመልሳ ቆጣሪው ላይ ትሰካዋለች። ቀድሞ የተሞላው ሲያልቅ ቆጣሪው ለችግር ጊዜ ጥቂት ፓውንድ ያበድራል፤ እሱም አልቆ ነበር። ፎጣ አገልድሜ ስወጣ እትዬ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ በሩን ስትከፍት አገኘኋት። «የት ነው?» ስላት «መጣሁ፣ ሱቅ ነው» አለች። ብቻዋን ስትሆን ያ ገንዘብ ስንት ቀን እንደሚቆይላት ኋላ ለባለቤቴ ነግራታለች፤ እኛ በ3 ቀን ጨርሰነዋል።

አባቶቻችን እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው፣ ሲሰነብት ወደ ብር፣ ሲከርም ወደ ብረት ይለወጣል ይሉ ነበር። እኔ በ3 ቀን ብረቱ ጋ ደረስኩ። ቆጠብኩ ያልኩትን ገንዘብ የቆጠበልኝ የእትዬ እንቅልፍና የእትዬ ቆጣሪ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ሥርዓቱን ለወጥነው። ጧት እትዬ ሥራ ውላ ስትገባ እኛ ቁርስ በልተን እንወጣለን፤ ከ10 ሰዓት በፊት ቤት አንደርስም። ምሳ ውጭ ነው። እዚህ ላይ የካርዲፍ ትምህርቴ ረዳኝ። በለንደን በየመንገዱ ያሉት ሱፐርማርኬቶች ሳንዱዊች፣ መጠጥና አንድ የሚቀመስ ነገር ባንድ ላይ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ሦስቱን ለየብቻ ከመግዛት በጣም ይረክሳል። ይህን ይዘን ሴንት ጄምስ መናፈሻ ሣር ላይ መቀመጥ ነው። መሸትሸት ሲል ደግሞ በዕለቱ ማለቅ ባለበት ምግብ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፈው ዋጋ ይሰብራሉ፤ ለእትዬ ማቀዝቀዣ የሚሆነውን ከዚያ እንሸምታለን። እሷ ስትመለስ ወተቱና ፍራፍሬው ሞልቶ ታገኘዋለች። ፍራፍሬ መግዛት ደግሞ እንደ መክፈል አይቆጠርም፤ እንግዳ ባዶ እጁን አይገባምና አትቆጣም። በነገራችን ላይ ከአሜሪካ በርበሬና ሽሮ ይዘንላት ሄደናል። ንጥር ቅቤውን ግን ትተነዋል፤ ከአሜሪካ የወተትና የሥጋ ውጤት ይዞ እንግሊዝ መግባት አይፈቀድም።

ምግብ ቤት መግባት ግድ ሲሆን ከቴአትር ሰዓት በፊት፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ፣ የሚቀርበውን የተወሰነ ዝርዝር መጠየቅ ይበጃል፤ ያው ወጥ ቤት፣ ያው ምግብ፣ ዝቅ ባለ ዋጋ ነው። መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት ሁሉ የቧንቧ ውሃ ለጠየቀው ደንበኛ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጄ የጠርሙስ ውሃ አዝዞ ያስከፈለኝን አልረሳም። እኛ ከአሜሪካ የምንመጣው የምንሸወደው ጉርሻ ላይ ነው። 20 ከመቶ መጨመር እጃችን ለምዷል። ለንደን ግን ብዙ ቤቶች 12.5 ከመቶ አስቀድመው ሒሳቡ ላይ ደምረውታል። እኔ ምሁሩ ሳላነብ ሁለቱንም ከፈልኩ። ካርድ ስታስነኩ ደግሞ ማሽኑ «በዶላር ነው በፓውንድ?» ብሎ ይጠይቃል። ዶላር የመረጠ ሰው ምንዛሪውን ለማሽኑ ባለቤት ተወለት ማለት ነው፤ ፓውንድ በሉ። ልብስ ገዝቶ ቀረጡን ኤርፖርት ላይ አስመልሳለሁ የሚልም ካለ፣ ለጎብኚ ይሰጥ የነበረው ያ ተመላሽ በ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ቀርቷል።

ለመጓጓዣ አውቶቡስ ይሻላል። በዚያ ዓመት 1 ፓውንድ ከ75 ሳንቲም ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ቢቀይሩ አይጨመርም። የሁለተኛው ፎቅ የፊት ወንበር ከተገኘ ለጉብኝት ሌላ መኪና መከራየት አያስፈልግም። ለልጄ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ኦይስተር ካርዱ ላይ የወጣት ጎብኚ ቅናሽ አስገባልን፤ ከ11 እስከ 15 ዓመት ላሉት ለ14 ቀን ግማሽ ዋጋ ነው። ይህን ሳይጠይቁ የሚነግር የለም።

ቴአትር ላይ ከእትዬ ጋር አልተግባባንም። በ12 ዓመት የለንደን ኑሮዋ አንድም ቴአትር ገብታ አታውቅም፤ ቲያትር ቤቶቹን የምታውቃቸው በሌሊት አውቶቡስ መስኮት ነው። ስለዚህ በዕረፍት ቀኗ ግሎብ ልወስዳት አሰብኩ። ግሎብ በቴምዝ ወንዝ ዳር በሼክስፒር ዘመኑ አምሳል ተሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ቴአትር ነው። መሐሉ ጣራ የለውም፤ 700 ያህል ሰው እዚያ ቆሞ ያያል፤ የመቆሚያው ዋጋ ለብዙ ዓመታት 5 ፓውንድ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ዝናብ እየወረደብኝ 3 ሰዓት ቆሜ አይቻለሁ፤ ጃንጥላ መዘርጋት ክልክል ነው። ይህን በደስታ ሳወራላት እትዬ አየችኝና «ሌሊቱን ቆሜ እሠራለሁ፤ ደግሞ ቆሜ ልዝናና?» አለች።

አፌን ዘጋሁ። በማግሥቱ ጧት ሌስተር ስኩዌር ሄድኩ። አደባባዩ መናፈሻ ጠርዝ ላይ የቲያትር ቤቶቹ ማኅበር የሚያስተዳድረው ትንሽ የትኬት ቤት አለ፤ የዕለቱንና የሚቀጥሉትን ጥቂት ቀናት ትርፍ ወንበር በቅናሽ ይሸጣል፤ አንዳንዴ እስከ ግማሽ ዋጋ ይወርዳል። በዙሪያው «ግማሽ ዋጋ» የሚል የለጠፉ ሌሎች ሱቆች አሉ፤ አትደናገሩ፣ ለብቻው መሐል የቆመው ነው። አራት ወንበር ገዛሁ፤ ከጠረጴዛው ላይ ዋጋውን በእስክሪብቶ አጠፋሁት። እትዬ የሙዚቃ ድራማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች አየች። እረፍት ላይ አይስክሬም ልትገዛ ስትነሣ ልጄን በሩ ላይ አቁሜባት ነበር።

የመጨረሻው ቀን የእሷ ምርጫ ነበር፤ «አለማየሁ ጋ ውሰደኝ» አለች። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ በ7 ዓመቱ የተወሰደው፣ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር የሞተው። ንግሥት ቪክቶሪያ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አስቀብራዋለች። ዐፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 እ.ኤ.አ. አልተቀበለውም፤ የሌሎችን መቃብር ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ነው ያሉት።

ዊንዘርን ለመጎብኘት በዚያ ዓመት ለአንድ ሰው 30 ፓውንድ ገደማ ነበር። እኔ የአራታችንን ስደምር እትዬ «ምን ልትጎበኝ ነው? እኔ የምሄደው ልጸልይለት ነው፤ ለጸሎት ይከፈላል?» አለችኝ። አይከፈልም። በማታው ጸሎት የሚካፈል ሰው ያለ ትኬት ይገባል፤ ዌስትሚንስተር አቢና ቅዱስ ጳውሎስም እንዲሁ ናቸው። ከዋተርሉ ተነሥተን አንድ ሰዓት ያህል በባቡር ሄድን፤ በሩ ላይ ለዘበኛው ለጸሎት መምጣታችንን ነገርን፤ ቦርሳችን ተፈትሾ ገባን።

መዘምራኑ በእንግሊዝኛ ሲያዜሙ እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ የምትለው የራሷን ነው። ልጄ «አለማየሁ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። ሲመጣ ከአንተ ያንስ ነበር አልኩት። ስንወጣ እትዬ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ባቡሩ ላይ ነው ድንገት «ለመሆኑ ያን ጊዜ ማን ያበላው ነበር?» ያለችው።

በመጣንበት ቀን ጧት፣ እትዬ ከሥራ ሳትገባ፣ ቆጣሪው ጎን ከሚስማር ላይ የተንጠለጠለችውን ቁልፍ ይዤ ማእዘኑ ሱቅ ሮጥኩ። 40 ፓውንድ አስሞልቼ ሰካሁ፤ ተመልሼ ሌላ 40 አስሞላሁ። ቁልፏን ቦታዋ መልሼ ሰቀልኩ።

ቨርጂንያ በገባን በሁለተኛው ቀን ስልክ ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ቆጣሪ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ አያልቅም እኮ! ለኩባንያው ልደውል ወይ?»

«ተዪው እትዬ፣ አትደውዪ» አልኳት።