ስልካቸውን ማን ጻፈ?

ለልምምድ ወደ ጠበቃ ቢሮ የተመደብነው ሦስት ነበርን፤ ክራባት ግን አንዲት ብቻ። ከዶርም ጓደኛችን የተዋስናት ናት። ወደ ችሎት የሚሄደው ያስራታል፣ ቢሮ የሚቀረው ደግሞ አንገቱን ከፍቶ ይውላል ብለን ተስማማን። አትሳቁብን! አምስተኛ ዓመት የደረሰ የሕግ ተማሪ ከአንቀጽ በቀር የራሱ የሆነ ምን አለው?

ቢሮው ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች ባንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ቢፈቅድም፣ የኛው ጠበቃ በድሮው ልማድ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። ጸሐፊያቸው «ጋሼ» ስለምትላቸው እኛም «ጋሼ» አልናቸው። ጸሐፊዋን ደግሞ «እትዬ» እንላታለን።

እኛ እንግዲህ ችሎት ቆመን «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ» የምንል መስሎን ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት የጨረስነው ግን ፎቶ ኮፒ በማንሣት፣ ወረቀት በማያያዝና መዝገብ ቤት ደጃፍ ሰልፍ በመያዝ ነው። ለያንዳንዱ ተከሳሽ አንድ አንድ ቅጂ፣ ከክሱ ጋር የማስረጃ ዝርዝር፣ ከግርጌው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የቀረበው ሁሉ እውነት ስለመሆኑ ማረጋገጫ። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችን ብዛት በሕልማችን ሁሉ እናረጋግጥ ጀመር። ከሁሉ የናቅነው ግን የባለጉዳይ ደብተሩን ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የጉዳዩ ዓይነት። «ለዚህ ነው እንዴ አምስት ዓመት የተማርነው?» እንባባል ነበር።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ውስጥ ነው፤ ቀኑም ማክሰኞ። ጋሼ ችሎት ናቸው፣ እትዬ ባንክ ሄዳለች። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወረቀት በፌስታል ይዘው ገቡ። ሦስታችንም ተነሣን። በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሁለት ክፍል ቤት በ180,000 ብር ገዝተዋል። ሻጩ ሞተዋል። አሁን ልጆቻቸው ካርታውን ይዘው «ቤታችንን ይልቀቁልን» ይላሉ።

«እማማ፣ ውሉ ውልና ማስረጃ ሄዶ ተመዝግቧል?»

«ኧረ ልጄ፣ ሦስት ሽማግሌ ፊት ነው የፈረምነው። ቡናም እዚያው ጠጥተን ነው የተለያየነው።»

እርስ በርሳችን ተያየን። ይኸ እኮ የፈተና ጥያቄ ነው! የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት መደረግ አለበት። አንዳችን መጽሐፉን ገልጦ አነበበላቸው። ሌላችን ቁጥር 1720ን ጨመረበት፤ ሕግ ያዘዘው ፎርም ያልተጠበቀለት ውል ረቂቅ ነው እንጂ ውል አይባልም።

«እና?» አሉ።

«እናማ በሕግ ፊት ውል የለም፣ እማማ።»

«የለም?»

«የለም።»

ወረቀታቸውን በዝግታ አጣጥፈው ፌስታሉ ውስጥ መለሱ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ፤ እናንተስ እውነቱን ነገራችሁኝ። ተባረኩ» ብለው ወጡ። እኛም፣ ማፈሪያ ነው ግን እንናገረው፣ ደስ አለን። ያን ቀን ምሳ የበላነው ኤ እንዳገኘ ሰው ነው።

ማታ ለጋሼ በኩራት አወራንላቸው። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ቆመው ሰሙን።

«ገንዘቡስ?» አሉ።

«የቱ ገንዘብ?»

«ውሉ የለም ካላችሁ፣ የከፈሉት 180,000 ብር የማን ነው? ቁጥር 1815ን አላስተማሯችሁም? ወደ ነበሩበት መመለስ የሚባል ነገር አልሰማችሁም?» ከዚያ ጣታቸውን መቁጠር ያዙ። «ግንቦት 2006… ግንቦት 2016። ያቺ የ1845 ዐሥር ዓመት ከከፈሉበት ቀን ትቆጠርልኝ ቢሉስ? ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሣም፤ እነዚያ ግን ይረሱታል ብላችሁ ነው?»

ሁለት ወር ቀርቷል ማለት ነው።

«ስልካቸውን ማን ጻፈ?»

ደብተሩን ገለጥን። የማክሰኞ ገጽ ባዶ ነው።

ክፍል ውስጥ እኮ ጉዳዩ ተፈትፍቶ ነው የሚቀርብልን፤ አቶ ሀ ለወይዘሮ ለ ቤት ሸጠ፣ ውሉ ይጸናል ወይስ አይጸናም? ወይዘሮ ለ ማታ የት እንደምታድር የጠየቀን መምህር የለም። እኛም ጠይቀን አናውቅም።

በነጋታው የያዝነው ፍንጭ አንድ ነበር፤ ፌስታላቸው ውስጥ ለወረዳ የተጻፈ ማመልከቻ አይተናል፣ «በር ላይ ያለው ልጅ ጻፈልኝ» ሲሉም ሰምተናል። በፍርድ ቤቱ ዙሪያ ያሉትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንድ በአንድ ዞርን። «ነጠላ የለበሱ እናት? ወንድሞቼ፣ በቀን ሃምሳ ናቸው እኮ!» አለን አንዱ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ ኮምፒዩተሩን በረበረልንና ማመልከቻውን አገኘው፤ ስማቸው፣ ወረዳቸው፣ የቤት ቁጥራቸው አለበት። የሻይ ብንለው አልቀበልም አለ።

ቤቱን ስናገኘው ሊመሽ ነበር። እማማ ደጃፍ ላይ ናቸው። ድስቱና ሰሐኑ በአንሶላ ታስሯል፣ ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል።

«ምነው እማማ? የት ሊሄዱ ነው?»

«እህቴ ዘንድ ነዋ። የለም አላችሁኝ አይደል እንዴ?»

ምን ይባላል? ከመካከላችን አንዱ ያቺን ክራባት ፈትቶ ኪሱ ከተታት። ፍራሹን እኛው መልሰን አስገባነው።

ሰኞ ቢሮ መጡ። ጋሼ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ሕግ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ማን ምን ጊዜ ስንት ከፈለ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት አሉ ወይ፣ ከልጆቹ ማን ምን አለ፣ ይኸንኑ ብቻ ጠየቁ። ክሱን እኛ እንድንጽፈው ሰጡን፤ አራት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ መለሱልን። ቤቱ ላይ ተስፋ እንደሌለ ለእማማ ራሳቸው ነገሯቸው፤ አልሸሸጉም። የተጠየቀው ገንዘቡ እንዲመለስ ነው። የዳኝነት መክፈያ ስላልነበራቸው በደሃ ደንብ፣ በቁጥር 467 መሠረት አመልክተን፣ ክሱ ሚያዝያ ውስጥ ገባ። ቀጠሮው ሰኔ ላይ ዋለ፣ የኛም ልምምድ ከዚያ በፊት አለቀ።

ስልኩን ሦስታችንም በየደብተራችን ጽፈነዋል። የእማማ አይደለም፤ እሳቸው ስልክ የላቸውም። የጎረቤታቸው ነው።