ዳሃብ፦ ለጀርባዬ ልክ የሆነ ማንገቻ ያገኘሁባት

ዳሃብን ሳያይ «ቀይ ባሕርን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በትሕትና እሰማዋለሁ እንጂ አላምነውም። ከሻርም ኤል ሼክ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ሣር የማይበቅልባቸውን የድንጋይ ተራሮች ሲያቆራርጥ ቆይቶ ድንገት ባሕሩ ላይ ያወጣችኋል። ከማዶ የሳውዲ ተራሮች ይታያሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀጥለው ሮዝ፣ ወደ ማታ ወይን ጠጅ ይሆናሉ። የሲና ተራራ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢርቅ ነው፤ ደብረ ሲናን ለመሳለም የመጣ ወገኔ ወደዚህ ሳይወርድ መመለሱ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

ዳሃብ ላይ ጀልባ አያስፈልግም፤ ይህ ነው የማረከኝ። ላይትሃውስ በሚባለው ሰፈር ኮራሉ የሚጀምረው ምግብ ቤቶቹ ደጅ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ሻዩን ፉት ሲል እናንተ አጠገቡ ዌትሱት የሚባለውን የመጥለቂያ ልብስ ትለብሳላችሁ፤ የበደዊን ልጆች አምባር ይዘው ይመጣሉ፤ አንዲት ፍየል ፎጣችሁን ታሸታለች፤ ከዚያ ተነስታችሁ በእግራችሁ ወደ ባሕሩ ትገባላችሁ። ወረድ ሲሉ ያለው ዓለም ሌላ ነው። ኢል ጋርደን በሚባለው ቦታ ቀጫጭን ዓሦች ከአሸዋ ጉድጓዳቸው ግማሽ ሰውነታቸውን አውጥተው በውሃው ፍሰት ይወዛወዛሉ፤ ቀረብ ስትሏቸው አንድ ላይ ጭልጥ ብለው ይገባሉ። ለዚህች ብቻ ደግሜ ብመጣ አይቆጨኝም።

ግን በእግር መግባት ማለት ተሸክሞ መግባት ነው። ባለ 11 ሊትሩ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ሲሞላ ከነቧንቧው 17 ኪሎ ይጠጋል። (ሰው ሁሉ «ኦክስጅን» ይለዋል፤ ውስጡ ያለው ግን እኔና እናንተ አሁን የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፣ በግፊት ታምቆ።) ለመስመጥ ወገብ ላይ የሚታሰረው እርሳስ ሲጨመር ሸክሙ ሌላ ይሆናል። ይህን ሁሉ ጀርባ ላይ የሚይዘው ቢሲዲ የሚሉት ዕቃ ነው፦ እጅጌ የሌለው ጃኬት መስሎ ሲሊንደሩ ከኋላው የሚታሰርበት፣ አየር ሲነፉበት የሚያንሳፍፍ፣ ሲያስተነፍሱት የሚያሰምጥ።

ዋና ቁም ነገሬም እሱ ነው። ጠለቃ የተማርኩት በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ነው፤ እዚያ በኪራይ ይሰጠኝ የነበረው ጃኬት «ትንሽ» ይባል እንጂ የትንሽ ወንድ ጃኬት ነበር። ውሃው ላይ ሆኜ ስነፋው ጎድኔን ጨምቆ ትንፋሼን ያሳጥረዋል። ወገቡን ባጠብቀውም ወደ ጆሮዬ ይወጣል፤ ቀና ስል የሲሊንደሩ ራስ ማጅራቴን ይመታኛል። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ማንገቻው ወደ ክንዴ ይንሸራተታል፣ ሲሊንደሩም ወደ አንድ ጎን ይጋደማል። የደረት ቀበቶው ያረፈው ደግሞ አንዲት ሴት እንዲያርፍባት በማትፈልገው ቦታ ነው። ስናገር መልሱ አንድ ነበር፦ «ትለምጂዋለሽ።» ባሕሩን ስለወደድኩት ለመልመድ ሞከርኩ።

ዳሃብ ላይ ይህን ያስተወችኝ የደሴ ልጅ ነች። ዱባይ በነርስነት ትሠራለች፣ ፈቃድ ባገኘች ቁጥር ወደዚህ ትመጣለች። ላይትሃውስ ዳር ስታየኝ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ፣

«አንቺ፣ ይሄ ነገር አላፈነሽም እንዴ?» አለች።

«ሁሉም እንዲህ ነው አሉኝ።»

«እነማን ናቸው ያሉሽ? ወንዶቹ?»

የእሷ ዕቃ ጃኬት አልነበረም። ጀርባዋ ላይ አንድ ስስ የብረት ሰሌዳ፣ በሰሌዳው ቀዳዳዎች የተሰካካ አንድ ወጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የናይለን ጠፍር፣ ወገብ ላይ አንድ ዘለበት፣ በጭን መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ፤ አበቃ። የሚነፋው ከረጢት ከኋላ በሰሌዳውና በሲሊንደሩ መካከል ነው፤ ደረትና ጎድን ላይ የሚያብጥ ነገር የለም። ይህን ዓይነቱን ያስፋፉት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የፍሎሪዳ ዋሻ ጠላቂዎች ናቸው፤ ለሴት ይመቻል ብለው አልነበረም፣ ግን ተመቻት።

ወደ ጠለቃ አስተማሪዋ ወሰደችኝ፤ የአሌክሳንድርያ ሴት ነች። ቁመቴን አልጠየቀችኝም። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥታ ከማጅራቴ ሥር ካለችው ጉብታ አጥንት አንስታ እስከ ዳሌዬ አናት ለካች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የደሴዋ ልጅ ከእኔ በአንድ ራስ ትረዝማለች፤ ቁመቷ ግን ሁሉም እግሯ ላይ ነው፣ ጀርባዋ ከእኔም ያጥራል። ሱቆቹ በቁመትና በኪሎ ቆጥረው ለእሷ «ትልቅ»፣ ለእኔ «ትንሽ» ሲሰጡን የኖሩት ሁለታችንንም ሳያዩን ነበር። ለአጭር ጀርባ አጠር ያለ ሰሌዳ አለ፤ ጠፍሩም እንደ ሰውየዋ ይሳባል፣ ይቆረጣል።

አስረውልኝ ስቆም ትዝ ያለኝ አንቀልባ ነው። ልጅ ያዘለች እናት ክብደቱን በትከሻዋ ብቻ አትይዘውም፤ ከጀርባዋ አጣብቃ፣ ልጁ ወደ ጎን እንዳይሸሽ አጥብቃ፣ ወገቧ ላይ ታሳርፈዋለች። ይህም እንደዚያው ነው፤ ትከሻዬ ላይ ያለው ጠፍር እጄን የሚያስገባ ያህል ላላ፣ ወገቤ ላይ ያለው ጠበቅ። በጭን መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ ሲያዩት ያሳፍራል፣ አልዋሽም። ሲሊንደሩ ወደ ጆሮ እንዳይወጣ የሚያደርገው ግን እሱ ስለሆነ ዛሬ ያለ እሱ ውሃ አልገባም።

ከዚያ ገባን። ምን ልበላችሁ! ሲሊንደሩ ከጀርባዬ ጋር አንድ ሆኖ ዞር ስል አብሮኝ ይዞራል። እግሬ ወደ ታች መጎተቱን ትቶ ሰውነቴ ተጋደመ፤ ስተነፍስ ትንሽ ከፍ፣ ሳስወጣ ትንሽ ዝቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዕቃዬ ሳላስብ አንድ አንበሳ ዓሣ ክንፉን ዘርግቶ ከኮራሉ ሥር ሲወጣ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።

እርሳሱም ቀነሰ። ጃኬት ውስጥ ያለው ስፖንጅና ውፍረት ራሱ ይንሳፈፋል፤ እሱን ለማስመጥ ሌላ እርሳስ ይታሰራል። የብረቱ ሰሌዳ ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚመዝን ያንን ክብደት ከወገብ ወደ ጀርባ ያዛውረዋል። እኔ በአምስት ሚሊ ሜትር ዌትሱት ስምንት ኪሎ እታሰር ነበር፣ አምስት በቃኝ። የዳሃብ ባሕር ጨው የበዛበት ነው፤ የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም አካባቢ ሲይዝ የአቃባ ባሕረ ሰላጤ 40 ይሻገራል፤ ስለዚህ ሌላ አገር ከለመዱት ጥቂት መጨመር ይፈልግ ይሆናል። ዌትሱቱ ደግሞ አሥር ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ተጨምቆ የማንሳፈፍ ኃይሉ ይቀንሳል። ሲሊንደሩም በጠለቃው መጨረሻ ከሁለት ኪሎ በላይ አየር ጨርሶ ይቀልላል። የእርሳሱ ልክ የሚሞከረውም የሲሊንደሩ አየር ሊያልቅ ሲል ነው።

ፍቅር ዕውር አላደረገኝም። ከኋላ የሚነፋው ከረጢት ውሃ ላይ ስትቆሚ ፊትሽን ወደ ፊት ይገፋል፤ አየሩን ቀነስ አድርጎ ወደ ኋላ መንጋለል ያስፈልጋል። ኪስ የለውም። ጠፍሩ በደንብ ካልተለካ ማውለቁ ትግል ነው። ለአውሮፕላን ብረቱ ስለሚከብድ ተጓዥ የአሉሚኒየሙን ብትመርጥ ይሻላታል። ጃኬት የምትወድ ደግሞ ለሴት የተቆረጡ አሉላት፦ ጀርባቸው አጠር ያለ፣ ማንገቻቸው ጡትን ዞሮ የሚያልፍ። የወንዱን ጃኬት ሮዝ ቀለም ቀብቶ «የሴት» የሚለው ነጋዴ ግን አሁንም አለ፤ ቀለሙን ሳይሆን ስፌቱን እዩ።

ለዚህ ባሕር ሴት ጠላቂ ብርቅ አይደለችም። ኦስትሪያዊቷ ሎቴ ሃስ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ፖርት ሱዳን ላይ ከሻርኮች ጋር ስትዋኝ ፊልም ተነሥታለች፤ ያኔ ቢሲዲ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። በአሜሪካ በ1955 የጠለቃ አስተማሪ የሆነችው ዶቲ ፍሬዚየርም የመጥለቂያ ልብስ እየሠራች ትሸጥ ነበር። ሴቶቹ ቀድመው ውሃው ውስጥ ነበሩ፤ ወደ ኋላ የቀረው ፋብሪካው ነው።

ልትገዢ ወይም ልትከራዪ የምትሄጂ እህቴ፣ ጀርባሽን አስለኪና ሂጂ። በምትጠልቂበት ልብስ ላይ ደርበሽ ሞክሪው፤ እስከ ጥግ አስነፊና ረጅም ትንፋሽ ሳቢ፤ ጎድንሽን ከያዘሽ ያንቺ አይደለም። ሁለት እጅሽን አንሺ፤ ወደ ጆሮሽ ከወጣ ያንቺ አይደለም። ከተቻለ ከመክፈልሽ በፊት በገንዳ ወይም በባሕር ዳር አንድ ጊዜ ይዘሽው ግቢ። ዳሃብ ውስጥ ይህን የሚፈቅዱ ሱቆች አሉ፤ የማይፈቅደውን አልፈሽው ሂጂ።